ስለ በሽተኛ ማመላለሻ መኪና ንጽሕና

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ውሃን አፍልቶ ስለ መጠጣት ጥቂት ቃል አቅርበን ነበር። ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበውን፥ ነገር ግን የብዙ ቤተ ሰብ ጤና የተያያዘበትን አንድ ጉዳይ ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት ወደድን። ይኸውም አምቡላንስ የተባለው የበሽተኛ ማመላለሻ መኪና ንጽሕናና በውስጡ የሚያገለግሉት ሰዎች ጤንነት ነው።

የአገራችን ሰው መኪና ሳይገባ በፊት፥ ዛሬም መንገድ ባልደረሰበት ስፍራ፥ በሽተኛውን በቃሬዛ አድርጎ ጎረቤት ከጎረቤት እየተቀባበለ ወደ ሐኪም ያደርሳል። ድካሙ ብዙ ነው፤ ሆኖም ተሸካሚዎቹ በሜዳ ነፋስ ስለሚሄዱ የበሽተኛው ትንፋሽ አይታፈንባቸውም። አምቡላንስ ግን በአራት ወገን የተዘጋ ጠባብ ክፍል ነው። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው በዚያ ውስጥ ቢያስል፥ ከአፉ የወጣው በዓይን የማይታይ ርጥበት ለሰዓታት በአየሩ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ አጠገቡ የተቀመጠው አስታማሚም ያንኑ ይስባል። እርሱ ወርዶ ሌላ በሽተኛ በገባ ጊዜ አየሩ ካልተለወጠ አደጋው እንዳለ ነው። ስለዚህ በጉዞ ጊዜ መስኮቱን መክፈት፥ ከጉዞም በኋላ በሩን ወለል አድርጎ ማናፈስ ገንዘብ የማያስወጣ መከላከያ ነው። ብርድ ይመታናል ብለው የሚዘጉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን ከብርዱ ይልቅ የታፈነውን አየር እንፈራለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በሎንዶን ከተማ በ19ኛው መቶ ዓመት ፈንጣጣና ትኩሳት የያዛቸው ሰዎች በኪራይ ሠረገላ ወደ ሆስፒታል ይሄዱ ነበር፤ ያው ሠረገላም ወዲያው ጤነኛውን መንገደኛ ይጭን ነበር። መንግሥቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ሠረገላ እንዲጸዳ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ በ1880ዎቹም ለተላላፊ በሽታ ብቻ የተለዩ በፈረስ የሚሳቡ አምቡላንሶች ተሠማሩ።

ሠረገላው በመኪና ተለወጠ፤ ፈተናው ግን አለ። በዘመናችን በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሊቃውንት የአምቡላንሶችን ውስጥ ሲመረምሩ፥ ቁስልን የሚያመግለውን ስታፊሎኮከስ አውሬየስ የተባለውን ተሕዋስ አግኝተዋል፤ ከዚሁም ወገን የታወቁት መድኃኒቶች የማይገድሉት አለ። ይህ ተሕዋስ በደረቅ ዕቃ ላይ ለሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ይቆያል። ጉበትን የሚያሳምመው ሄፓታይቲስ ቢ ደግሞ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ይኖራል።

ወለሉን ማጠብ ለዓይን ደስ ያሰኛልና እርሱን የሚዘነጋ የለም። የሚዘነጋው እጅ ዘወትር የሚነካው ነው፤ የቃሬዛው መያዣ፥ የበሩ እጀታ፥ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ፥ መሪው ራሱ። ነጂው ጓንቱን ሳያወልቅ መሪውን ከያዘ፥ በማግሥቱ ባዶ እጁን የሚያሳርፈው በዚያው ላይ ነው። ደም የነካው ስፍራ አስቀድሞ በውሃና በሳሙና መታጠብ አለበት፤ እድፍ ባለበት በረኪና ኃይሉን ያጣልና። ከዚያ በኋላ ከመቶ 5 እጅ ብርታት ካለው በረኪና አንዱን መስፈሪያ በ9 መስፈሪያ ውሃ በጥብጦ መቀባትና 10 ደቂቃ ማቆየት ነው። ብጥብጡ በየቀኑ ይታደስ፤ ያደረው ደክሟል።

በምዕራብ አፍሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የኢቦላ በሽታ በበረታ ጊዜ፥ በጊኒ፥ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ800 በላይ የጤና ሠራተኞች በበሽታው ተይዘዋል፤ ብዙዎቹም ሞተዋል። እንዲህ ባለው ቀን የአምቡላንስ ነጂ መኪና ነጂ ብቻ ተብሎ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሊነፈገው አይገባም፤ ቃሬዛውን በአንድ ወገን የሚያነሣው እርሱ ነውና።

በየወረዳው አምቡላንስ የምታዙ ሹማምንት ሆይ፤ መኪናው በቀን ስንት ጊዜ እንደ ወጣ ትጠይቃላችሁ፥ መልካም ነው። ስንት ጊዜ እንደ ታጠበስ ተጠይቆ ያውቃልን? ለመታጠቢያ የሚሆን ሩብ ሰዓት ያልተፈቀደለት ሠራተኛ፥ ሌላ ጥሪ ሲመጣበት ሳያጥብ ቢወጣ እርሱን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይሆንም። የሄፓታይቲስ ቢ ክትባትም 3 ጊዜ ተሟልቶ ይሰጠው። መርፌ የወጋው እንደ ሆነ አፍሮ እንዳይደብቅ ይነገረው፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ይልቁንም በዚያው ቀን ቢጀመር ይሻላል።

ለእመቤቶችም አንድ ቃል አለን። አባት ከአምቡላንስ ሥራ ሲመለስ ልጆች ሮጠው ይጠመጠሙበታል፤ ማንም ሊከለክላቸው አይወድም። እንግዲያውስ የሥራ ልብሱን በዚያው በሥራ ቦታው ለውጦ፥ እጁን እስከ ክንዱ ታጥቦ ይምጣ። በዚያ ማጠቢያ ካልተዘጋጀ፥ ልብሱ ከሕፃናት ልብስ ጋር ሳይደባለቅ በተለየ ገበቴ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ጫማውም ከደጅ ይቅር።