መቅደስና መድረክ

ታቦታት ከጥምቀተ ባሕር ሲመለሱ በልጃገረዶች እልልታና ጭብጨባ ደስ የማይለው ወላጅ የለም። ከመካከላቸው አንዷ «መድረክ ላይ ልዝፈን» ስትል ግን «አዝማሪ ልትሆኚ?» የሚል ቁጣ ይከተላታል፤ በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ። ማኅሌቱስ የመቅደስ ነው፤ በዜማ የተቃኘ ጆሮ ግን ወዴት ይጣላል?

በዚያው በአዊ፣ ቻግኒ የተወለደችው ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በልጅነቷ በወላጆቿ ቤት ከቄስ ዜማ ተምራለች። አሜሪካ ተሻግራ እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የተሰየመውን አልበም ስታወጣ እንደ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ያሉ የጃዝ ሊቃውንት አጅበዋታል። በእነዚህ መካከል ቆማ ያዜመችው ግን ስለ ዓባይና ስለ ዓድዋ ነው፤ ያውም በአማርኛ። አንዱን ዘፈን «ጉራማይሌ» ብላዋለች። በእኔ ጆሮ ከጃዙ ሁሉ በላይ ጎልቶ የሚሰማው ያ የቤት ውስጥ ትምህርት ነው።