የ7,000 ዶላሩን ነገር ተዉትና ፊልሙን እዩት

ስለ «ፕራይመር» በሚከራከሩ ሁለት ሰዎች መሐል ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ካልተቀመጣችሁ አትቸኩሉ፣ ተራችሁ ይደርሳል። አንደኛው «ከዚህ በላይ የጊዜ ጉዞ ፊልም አልተሠራም፣ ወደፊትም አይሠራም» ይላል። ሌላኛው «77 ደቂቃዬን መልሱልኝ» ይላል። (ፊልሙ ወደ ኋላ ስለ መመለስ ስለሆነ ጥያቄው ያን ያህል አይገርምም።) ፊልሙ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጭቅጭቁ ግን ዛሬም ትኩስ ነው። እኔ ደግሞ የሁለቱም ወገን ነገር ሰልችቶኛል።

ላላያችሁት ባጭሩ እነሆ። ሼን ካሩት የሚባል፣ ሒሳብ ያጠናና ሶፍትዌር ሲሠራ የኖረ አሜሪካዊ፣ ዳላስ ቴክሳስ ውስጥ በ7,000 ዶላር ፊልም ሠራ። ጻፈው፣ ዳይሬክት አደረገው፣ ከሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱን ሆኖ ተወነ፣ ኤዲት አደረገው፣ ሙዚቃውንም ራሱ ደረሰ። በ2004 (በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚህ በኋላም እንደዚያው) ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞቹን ታላቅ ሽልማት ይዞ ወጣ። ታሪኩ የሁለት መሐንዲስ ጓደኛሞች ነው፤ አቤ እና አሮን። ከሥራ በኋላ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ሲሞካክሩ ሳያስቡት ወደ ኋላ የሚወስድ ሳጥን ይሠራሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ሳጥኑን ታበራላችሁ። ራሳችሁን መንገድ ላይ እንዳታገኙት ስድስት ሰዓት ያህል ሆቴል ተዘግታችሁ ትውላላችሁ። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ገብታችሁ ሌላ ስድስት ሰዓት ትጋደማላችሁ። ስትወጡ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ምን አደረጉበት? አክሲዮን ነገዱበት። ሰው ናቸዋ!

ፊልሙን ያላያችሁና እንዲነገራችሁ የማትፈልጉ፣ እዚህ ጋ «ወራጅ አለ» ብላችሁ ውረዱ።

አድናቂ ነን የሚሉት ሰዎች ቻርት አላቸው። በቀስት የተሞላ፣ አሮን 1፣ አሮን 2፣ አሮን 3 እያለ የሚወርድ ቻርት። ፊልሙን ስታነሡባቸው ስለ ሰዎቹ አያወሩም፤ የትኛው አሮን ከየትኛው ሳጥን በስንት ሰዓት እንደወጣ ይነግሯችኋል። አልገባኝም ካላችሁማ አለቀላችሁ፣ በዓይናቸው ነው የሚጥሏችሁ። ካርቱኒስቱ ራንዳል መንሮ በ2009 የታወቁ ፊልሞችን ገጸ ባሕርያት ጉዞ በመስመር ሲስል፣ «ፕራይመር» ላይ ሲደርስ ጫፉ የማይገኝ የተጠላለፈ ክር ስሎ ተገላገለ። ለእኔ ከቻርቶቹ ሁሉ እውነተኛው ያ ቀልድ ነው።

ተበዳይ ነን የሚሉት ደግሞ «የሚያስረዳን የለም» ነው ክሳቸው። ልክ ነው፣ የለም። «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ሁለተኛው ክፍል ላይ (1989) ዶክተሩ ጠመኔ ይዞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁሉንም ነገር ስሎ ያሳየናል። እዚህ ሰሌዳ የለም። ግን እስቲ አስቡት፤ ሁለት መሐንዲሶች ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ለምን ይተራረካሉ? አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል፣ ይቋረጣሉ፣ ያጉረመርማሉ። እኛ ቡና ቤት ውስጥ ከጎናቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነን። ግማሹን እንሰማለን፣ ግማሹ ያመልጠናል፤ ማን ማንን እየደበቀው እንደሆነ ግን ከድምፃቸው ይገባናል።

ሁለቱንም ወገን ያመለጣቸው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። አንዱ እንቆቅልሹን ፈታሁ ብሎ ይኩራራል፣ ሌላው አልተፈታልኝም ብሎ ይናደዳል፤ ፊልሙ እንቆቅልሽ ብቻ ስለመሆኑ ግን ሁለቱም ተስማምተዋል። ጓደኛ ጓደኛውን ምን አደረገው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ትዕይንት ላንሣ። አቤ ነገሩ ከቁጥጥር ሲወጣበት ደንግጦ፣ ለክፉ ቀን ብሎ በድብቅ ያስቀመጠውን ሳጥን ተጠቅሞ ወደ መጀመሪያው ቀን ይመለሳል፤ አሮንን አግዳሚ ወንበር ላይ አግኝቶ ሁሉንም ገና ሳይጀመር ሊያስቀረው። አሮን ግን ቀድሞታል። ጆሮው ላይ የሰካት ማዳመጫ ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ጭውውት፣ ቀድሞ የተቀዳውን ታሰማዋለች። አቤ ምን ሊል እንደሆነ ከአቤ ቀድሞ ይሰማል። የሚመልስለትም ሰምቶት አይደለም፤ ከተቀዳው ነው የሚደግመው። የጓደኛችሁ መልስ በሙሉ ልምምድ እንደነበር ብታውቁ ምን ይሰማችኋል? ይኸው አሮን ቁርስ ላይ የነበረውን የቀድሞ ራሱን በመድኃኒት አደንዝዞ ጣሪያ ሥር አስቀምጦታል። አንድ ድግስ ላይ መሣሪያ ይዞ የመጣን ሰው አስጥሎ ጀግና ለመባል ያን ምሽት ደጋግሞ ኖሮታል። ስንት ጊዜ እንደሆነ እንኳ ቁርጡን አንሰማም።

ክሩ ከእጃችን የሚያመልጠን መቼ እንደሆነ ልብ በሉ። አሮን ከአቤ እጅ ያመለጠ ጊዜ ነው። ግራ የተጋባው ተመልካች አቤ የቆመበት ቦታ ላይ ነው የቆመው፤ አጠገቡ ያለው የትኛው አሮን እንደሆነ አቤም አያውቅም። ስለዚህ «አልገባኝም» ያለ ሰው ፊልሙን በደንብ አይቷል፤ የተሳሳተው አልገባኝም ብሎ የተወው ጊዜ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) ላይም ጊዜው ጀርመንና ኢትዮጵያ መካከል ይዘላል፤ የምንይዘው ግን የአንበርብርን ሕመም ነው፣ ዓመቱን አይደለም። እዚህም የሚያዘው ሳጥኑ ሳይሆን የሁለቱ ሰዎች መተማመን ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛዎቹ ልምጣ። ከሁሉ የሚያናድዱኝ እነሱ ናቸው፤ «ለ7,000 ዶላር እኮ ጥሩ ነው» የሚሉት። ምን ማለት ነው? ፊልም በኪሎ ነው እንዴ? ሰዎቹ ከመኪና ጭስ ማውጫ ፓላዲየም፣ ከፍሪጅ የመዳብ ቱቦ እየነቀሉ የገጣጠሙት ሳጥን መብራት አይረጭም፣ አያበራም፣ አይጮኽም፤ ያጓራል፣ በቃ። 70 ሚሊዮን ቢኖር ሳጥኑ ሰማያዊ ብርሃን ይተፋ ነበር፤ እኛም ዓይናችን ከሰዎቹ ፊት ላይ ተነቅሎ ሳጥኑ ላይ ይተከል ነበር። እንዲህ ያለውን ምርጫ በድህነት ብቻ ማሳበብ ሰውየውን መስደብ ነው።

ምሕረቱ ድክመቱንም ይሸፍናል። አሮን ጀግና የሆነባት ድግስ ላይ የምትተርፈው ራሔል ማናት? የአሮን ሚስትስ? አናውቃቸውም። ሁለቱም ብቅ ብለው ይጠፋሉ። አሮን ያን ሁሉ ያደረገው ለእሷ ሕይወት ይሁን ለራሱ ዝና መጠየቅ የነበረብን እዚያ ነበር፤ ራሔል ሰው ስላልሆነችልን ግን ጥያቄው ክብደት አጣ። ይህ የስክሪፕት ድክመት ነው። ለአንዲት ሴት አምስት ዓረፍተ ነገር መጨመር ሳንቲም አያስወጣም። «በጀት የለውም» ስትሉ ይህን አብራችሁ ታልፉታላችሁ።

ይህን ምሕረት እኛም ቤት በደንብ እናውቀዋለን። ቪዲዮ ካሜራ ገብቶ የአማርኛ ፊልም የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች ከሞላ ጊዜ ጀምሮ፣ «ታሪኩ ውኃ አይቋጥርም» ያለ ሁሉ «በጀት እኮ የለም፣ አበረታቱ እንጂ» ይባላል። ማበረታታት! ለልጅ የሚሰጥ ነገር ነው እሱ። ካሩት ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ ገንዘብ የማይፈልገውን ክፍል፣ ወረቀት ላይ የሚሠራውን፣ ለፍቶበታል። የለፋበትን አወድሱለት፣ ያልለፋበትን ንገሩት።

እና ደግማችሁ ስታዩት ወረቀትና እስክሪብቶ እንዳትይዙ። ገና መጀመሪያ አካባቢ አሮን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አቤ ይመጣል። ያን ጊዜ ኳስ ጨዋታ የሚከታተል መስሏችሁ ያለፋችሁት ነገር አለ። ጆሮውን እዩት።