ማነጻጸርና መቅዳት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ተረት በዛሬ ጊዜ ለማስትሬት ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚመለሰው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ እጅግ የሚስማማ ነው። ከሚመርጣቸው የትምህርት ዐይነቶች አንዱ የልዩ ልዩ አገሮችን የመንግሥት ፖሊሲ እያነጻጸሩ መመርመር ነው። ትምህርቱ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ መጨረሻውም ብዙውን ጊዜ የምርምር ጽሑፍ ነው። ተማሪው ጥቁሩን ካባ ለብሶ ፎቶግራፍ ከመነሣቱ በፊት ግን ለአንድ ጥያቄ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ይኸውም «ለመሆኑ የሰውን አገር ሥራ የምመረምረው ለምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲጠየቅ «መልካሙን አይቼ ለአገሬ ላመጣ ነው» ብሎ ይመልሳል። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን መልካም የተባለው ነገር በሄደበት ሁሉ መልካም ሆኖ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ፤ የአንዱን አገር ደንብ አስተርጉሞ ማኅተም ማድረግ ብቻ በበቃ፤ ትምህርት ቤት መግባትም ባላስፈለገ ነበር። ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ለማስረዳት፤ በዓለም ላይ ብዙ የተነገረለትን አንድ ፖሊሲ ከአገር ወደ አገር ተከትለን እንመልከት።

በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ የገንዘቡ ዋጋ ወድቆ አገሩ ከብርቱ ችግር ላይ ደረሰ። እስከዚያ ድረስ መንግሥት ድኾችን ከሚረዳባቸው መንገዶች ዋናው፤ ቶርቲያ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣና የወተትን ዋጋ መደጎም ነበር። ከዚህም ድጎማ ይበልጥ የሚጠቀመው የገጠሩ ድኻ ሳይሆን የከተማው ሰው ነበር። በ1997 ግን የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር የነበሩት የኢኮኖሚ ሊቅ ሳንቲያጎ ሌቪ ዋና አሳቢ የሆኑበት «ፕሮግሬሳ» የተባለ ሥራ ተጀመረ። በዚህ ዕቅድ መሠረት መንግሥት ገንዘቡን በቀጥታ ለእናቶች ይሰጣል፤ እናቶችም በበኩላቸው ልጆቻቸው ከትምህርት ገበታ እንዳይቀሩ ያደርጋሉ፤ ቤተ ሰቡም በተወሰነለት ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ እየሄደ ይመረመራል። ሴቶች ልጆች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቶሎ የሚወጡ ስለ ሆነ፤ በዚያ ደረጃ ለእነርሱ የሚከፈለው ለወንዶቹ ከሚከፈለው ከፍ ያለ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሥራው አመዛዘን ነው። 506 መንደሮች ለምርመራ ተመረጡ፤ ከእነዚህም ውስጥ 320ዎቹ በዕጣ ቀድመው እንዲገቡ፤ 186ቱ ደግሞ ዘግየት ብለው እንዲከተሉ ተደረገ። በዚህ ምክንያት በገንዘቡ የመጣውን ለውጥ በሌላ ምክንያት ከመጣው ለይቶ ማየት ተቻለ። ውጤቱም በተለይ በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ልጆች ቍጥር መጨመሩን፤ ከወንዶቹም ይልቅ የሴቶቹ ጭማሪ መብለጡን አሳየ። በ2000 ዓመት፤ ለ71 ዓመታት የገዛው ፓርቲ በምርጫ ሲሸነፍ፤ አዲሱ መንግሥት ሥራውን አልጣለውም፤ ስሙን ለውጦ ወደ ከተሞችም አስፋፋው። ይሁን እንጂ ማስረጃ ብቻውን ለዘለዓለም ዘበኛ አይሆንም፤ በ2019 ሌላ መንግሥት ይህንኑ ዕቅድ ሽሮ በሌላ ተካው።

የሜክሲኮ ዝና ወደ ሀብታሞቹ አገሮች ሳይቀር ደረሰ። በ2007 የኒው ዮርክ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ከዚያ በመማር ተመሳሳይ ሙከራ በከተማቸው ጀመሩ። ወደ 4,800 የሚሆኑ ቤተ ሰቦች በሁለት ተከፍለው፤ ግማሾቹ ገንዘቡን እንዲያገኙ፤ ግማሾቹ ደግሞ ለማነጻጸሪያ እንዲሆኑ ተደረገ። ክፍያው በ2010 አበቃ። ገንዘቡ በሚከፈልበት ጊዜ የቤተ ሰቦቹ ድኽነት ቀለል ማለቱ አይካድም፤ ነገር ግን የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የፈተና ውጤት አልተሻሻለም። በትምህርት የተጠቀሙት አስቀድሞ በቂ ዝግጅት የነበራቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ።

ታዲያ አንድ ዐይነት መድኃኒት በአንዱ ዘንድ ሲፈውስ በሌላው ዘንድ ስለ ምን ደከመ? በሜክሲኮ ገጠር ብዙ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀረው የጉልበቱ ዋጋ ለቤተ ሰቡ ስለሚያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ገንዘቡ በሽታው ካለበት ቦታ ላይ ደረሰ። የኒው ዮርኩ ልጅ ግን በሕግ ተገዶ ቀድሞም ከክፍል ውስጥ ተቀምጧል። የጐደለው መገኘት ሳይሆን ማወቅ ነው፤ ለእናቱ የሚከፈለው ገንዘብም ለልጁ ማንበብ አያስተምረውም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1995 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ እርዳታ የሚሻ ሆኖ ነበር። ከዚያም በፊት ቢሆን በየዓመቱ የእህል ልመና ይቀርብ ነበር፤ እህሉም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ገበሬው በሬውን ሸጦ ከበላ በኋላ ነው። ይህን ለመለወጥ በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ሥራ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይዞ ተጀመረ። መሥራት የሚችለው ለእያንዳንዱ የቤተ ሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን እየታሰበ እርከን ይሠራል፤ ኩሬ ይቆፍራል፤ መንገድ ይጠርጋል፤ ዋጋውንም በገንዘብ ወይም በእህል ይቀበላል። ሽማግሌና አቅመ ደካማ የሆነው ያለ ሥራ ይረዳል።

እንግዲህ በሜክሲኮ የተጠየቀው ውለታ የልጅ ትምህርት ሲሆን በእኛ አገር የተጠየቀው የአፈርና የውኃ ሥራ መሆኑን እናያለን። ይህ ልዩነት ያለ ምክንያት አልመጣም። የእኛ በሽታ በየዓመቱ በታወቁ ወራት የሚመላለሰው ረኃብና የመሬቱ መራቆት ነበር። አንድ ሰው የሜክሲኮን ደንብ እንዳለ ገልብጦ፤ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅበት ቀበሌ ላይ ቢያውለው ኖሮ ምን በሆነ? መንግሥት ባልሠራው ትምህርት ቤት ምክንያት ድኻይቱ እናት እርዳታዋን ባጣች ነበር። የተሳሳተ ፖሊሲ ዕዳው የሚወድቀው ጽሑፉን ባዘጋጀው ሹም ላይ ሳይሆን በእርሷ ላይ ነው። የማነጻጸር ትምህርት ክብደቱ ከዚህ ላይ ይታወቃል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 በታተመው የሎጂክ መጽሐፉ ስለ ማነጻጸር ዘዴ ጽፎ ነበር። ሁለት ነገሮች በሁሉ ተመሳስለው በአንድ ነገር ብቻ ቢለያዩና ውጤታቸው የተለያየ ቢሆን፤ ምክንያቱ ያ አንዱ ልዩነት ነው ይላል። ነገር ግን በሁሉ ተመሳስለው በአንድ ብቻ የሚለያዩ ሁለት አገሮች ከቶ ስለማይገኙ፤ ዘዴው በመንግሥት ነገር ላይ እንደማይሠራ ራሱ ሚል አስጠንቅቋል። ለተማሪው ትሕትና የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ለጉብኝት ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሠራተኛ የሚያየው አስተናጋጆቹ የሚያሳዩትን፤ ማለት የተሳካውን ብቻ ነው። የተሳካውን ብቻ ያየ ሰው ደግሞ የመሳካቱን ምክንያት ሊያውቅ አይችልም፤ ያው አሠራር በወደቀበት ስፍራም ተመሳሳይ ነገር ተደርጎ እንደ ሆነ አላየምና። ተመልሶ የሚጽፈው ሪፖርትም ምስጋና ይሆናል እንጂ ጥናት አይሆንም።

ስለዚህ፤ ወጣቶች ሆይ፤ የማስትሬት ጽሑፋችሁን ስታስቡ ዐሥር አገሮችን በአንድ ሠንጠረዥ ከመደርደር ሁለቱን ጠልቆ ማወቅ ይሻላል፤ ከሁለቱም አንዱ ያልተሳካለት ቢሆን ትምህርቱ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ አገር የምታቀርቡትም ጥያቄ ይህን የመሰለ ይሁን፦ ሊፈወስ የታሰበው በሽታ ምን ነበር? ደንቡን በቀበሌ የሚፈጽመው ማን ነው፤ ስንት ሠራተኛስ አለው? ማን ተጠቀመ፤ ማንስ ተጐዳ? መሳካቱ ወይም መውደቁስ በምን ታወቀ? ይህን ለመመለስ የውጭ አገር መጻሕፍት ብቻ አይበቁም፤ የወረዳውን መዝገብ መግለጥና የገበሬውን ቃል መስማትም ያስፈልጋል። ቢሮ ውስጥ ያላችሁትም «የእገሌ አገር ተሞክሮ» የሚል ወረቀት ሲቀርብላችሁ፤ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህኑ ጥያቄዎች ጠይቁ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን የሰው ወርቅ እንዴት እንደ ተቆፈረና እንደ ተነጠረ ቀርቦ ያየ ሰው፤ ወደ አገሩ ሲመለስ የራሱን መሬት የሚቆፍርበትን ዕውቀት ይዞ ይመለሳል። የማስትሬቱም ትርፍ ይኸው ነው።