ቆርቆሮ የምታመርት ከተማ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠናቀቀው ግንባታ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሰፈር ለማፍረስ ሳምንታት ይበቃሉ፤ ለማጠር ደግሞ አንድ ሌሊት። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ግን ማንም አይቆጥረውም። ስለ ልማት ስንጨቃጨቅ ሁሌም «ይፍረስ» እና «አይፍረስ» ብለን ሁለት ቦታ እንከፈላለን። በመፍረስና በመሠራት መካከል ያለው ባዶ ዘመን ግን ተከራካሪም ተጠያቂም የለውም። እኔ ዛሬ የምጣላው ከእሱ ጋር ነው።

ነገሩን ከጅምሩ ላጥራው፤ የድሮ ሰፈር ናፋቂ አይደለሁም። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱን አሥር ቤተሰብ የሚጋራው የቀበሌ ቤት «ቅርስ ነው» የሚል ካለ፣ እስቲ በሐምሌ ዝናብ አንድ ሌሊት ይደርበት። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ ምስማር እንኳ የማይገዛ ሆኖ ቀረ። ተከራዩ የራሱ አይደለምና አያድሰውም፤ ቀበሌው ገንዘብ የለውምና አያድሰውም። ግማሽ ክፍለ ዘመን ቆሞ መገኘቱ ራሱ ተአምር ነው። ስለዚህ መታደስ ያለበት ይታደስ፣ መፍረስ ያለበትም ይፍረስ። ግን ሰውየውን ከቤቱ ባስወጣችሁበት ማግስት እዚያ መሬት ላይ ምን ይሠራል? በማን ገንዘብ? እስከ መቼ?

ይህ ጥያቄ የመጣው ከሰማይ አይደለም። ፒያሳን የሚያውቅ ሁሉ ከማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት የነበረውን አጥር ያስታውሳል። በእኔ ዕድሜ ያለን ልጆች እሱን አጥር እያየን ነው ፊደል የቆጠርነው። መሬቱ በከተማዋ እምብርት፣ ከንቲባው በመስኮታቸው ቁልቁል በሚያዩት ቦታ ላይ፣ ለዓመታት ሣር ሲያበቅል ኖረ። ዛሬ እዚያ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል፤ ጥሩ። ከዚያ በፊት ለባከነው ዘመን ግን ሒሳብ ያወራረደ አላየሁም። ውቤ በረሃም እንዲሁ ነው። አያቶቻችን በሹክሹክታ፣ አባቶቻችን በፈገግታ የሚያወሩለት ሰፈር ቤቶቹ ተነሥተው ለዓመታት ባዶ ሜዳ ሆኖ ቆየ። ሰዎቹን ያን ያህል ያስቸኮላቸው ምን ነበር?

ችግሩ የአንድ ወይም የሁለት ሰው አለመሆኑን ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ነግሮናል። በ2011 መጀመሪያ ከተማ አስተዳደሩ ታጥረው ያለ ሥራ የተቀመጡ ቦታዎችን ሲነጥቅ፣ በአንድ ጊዜ ብቻ የተመለሰው ከ400 ሄክታር በላይ ነበር። እስቲ በካሬ ሜትር ምቱት፤ ከአራት ሚሊዮን ያልፋል። ይሄ ሁሉ መሬት የተኛው ሕዝቡ አንዲት ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ለማግኘት ከ1997 ጀምሮ ተመዝግቦ በሚጠብቅባት ከተማ ነው። «መሬት የለም» ይባላል። መሬትማ አለ፤ ቆርቆሮ ለብሶ ተኝቷል።

ለምን ይተኛል? ሕግ ስለሌለ አይደለም። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለአነስተኛ ግንባታ 24 ወር፣ ለመካከለኛ 36፣ ለከፍተኛ 48 ወር የማጠናቀቂያ ጊዜ አስቀምጧል፤ ያላከበረ ውሉ ይቋረጥበታል ይላል። ግን ቁጭ ብላችሁ እንደ ነጋዴ አስቡት። የሊዙን ቅድመ ክፍያ ትከፍላላችሁ፤ ዝቅተኛው አሥር በመቶ ነው። ቀሪውን በዓመታት ታቃልሉታላችሁ። በመሃል ብሩ ይረክሳል፣ መሬቱ ይወደዳል። በ2007 መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ ዋጋ የተሰጠበትን ጨረታ አስታውሱ። እንዲህ በሚያብድ ገበያ ውስጥ ባዶ መሬት ይዞ መቀመጥ ሥራ ነው፤ ያውም ሠራተኛ፣ ሲሚንቶና ብረት የማይጠይቅ ሥራ። አዋጁ ግንባታ ሳይጀምሩ መሬቱን መሸጥ ትርፍ እንዳይኖረው አድርጎ አጥሮታል፤ ሰዉ ደግሞ ውክልና የሚባል በር አገኘለት። መሠረት ይቆፈራል፣ ጥቂት ኮለን ይቆማል፣ «ግንባታ ላይ ነው» ይባላል። ጉድጓዱ በክረምት ኩሬ ይሆናል፤ ልጆች ይገቡበታል። ባለሥልጣኑ ሲጠየቅ «ማስጠንቀቂያ ሰጥተናል» ይላል። ማስጠንቀቂያ ለባለአጥሩ በደብዳቤ፣ ለባለጎጆው በዶዘር ነው የሚደርሰው።

አሁን ወጪውን ማን እንደሚሸፍን እንይ። ሰፈር ሲፈርስ ሦስት ዓይነት ሰው ይወጣል። ባለይዞታው በሕጉ መሠረት በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሳና ምትክ ቦታ አለው፤ በቂ ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው። የቀበሌ ቤት ተከራዩ የቤት ካሳ የለውም፣ ቤቱ የመንግሥት ነዋ። አቅም ካለው ኮንዶሚኒየም ይገዛል፤ ከሌለው ሌላ የቀበሌ ቤት ይሰጠዋል። ሦስተኛው ደባል ነው። ከቀበሌ ተከራይዋ አንድ ክፍል የተከራየ፣ ስሙ በማንም መዝገብ ላይ የሌለ። ቀን ሠራተኛው፣ የጠላ ነጋዴዋ፣ ከገጠር መጥታ ማታ የምትማረው ልጅ። እነዚህ «ተነሺ» እንኳን አይባሉም፤ የጋዜጣ ዜና ላይ «ለተነሺዎች ምትክ ተሰጥቷል» ሲባል እነሱ የሉበትም። ጋዜጠኝነት ስማር «ማን» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል ተብዬ ነበር። እዚህ ላይ «ማን» የሚለው ጥያቄ ተዘልሏል።

ከቤቱ ጋር ደግሞ ሌላ ነገር ይፈርሳል። እድር በቀበሌ ማኅተም አይዛወርም። ከካዛንቺስ ተነሥታ ገላን ጉራ የገባች እናት እድሯ ውስጥ የሃያ ዓመት መዋጮ አላት፤ ቀባሪዎቿ ግን አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ ሌላው የካ አባዶ ናቸው። ጉልት የምትቸረችረዋ ደንበኞቿ ጎረቤቶቿ ነበሩ፤ በዱቤ የምታበድር፣ በዱቤ የምትበላ። አዲስ ሰፈር ማንም አያውቃትም፤ ዱቤ ደግሞ መተዋወቅ ይፈልጋል። ይሄን ሁሉ «ማኅበራዊ ትስስር» ብለው በአንድ ሐረግ የሚያልፉ የጥናት ወረቀቶች ያናድዱኛል። ትስስር አይደለም፣ ገንዘብ ነው። የድሃ ኢንሹራንስና ባንክ ነው የፈረሰው።

«ኮሪደር ልማቱስ? እሱ እንኳ በፍጥነት ተሠርቷል» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። በ2016 ከፒያሳና ከአራት ኪሎ የጀመረው ሥራ መንገዱን፣ መብራቱን፣ የብስክሌት መስመሩን በሚያስደንቅ ፍጥነት ሠራ። ማታ ማታ እኔም እሄድበታለሁ፤ ደስ ይላል። (ሕንፃውን ሁሉ አመድማ ቀለም ማን እንዳዘዘበት ግን አንድ ቀን እጠይቃለሁ።) ይሄ ፍጥነት ግን ክርክሬን ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። መንግሥት ሲፈልግ በወራት ውስጥ መሥራት እንደሚችል ታየ ማለት ነው። እንግዲያው ከእግረኛ መንገዱ ጀርባ ያለው መሬት ለማን፣ በስንት፣ እስከ መቼ እንደተሰጠ መለጠፍ ምን ይከብዳል? ነዋሪው ቤቱን ለመልቀቅ የተሰጠው ጊዜ ለብዙ ቤተሰብ በሳምንታት የሚቆጠር ከነበረ፣ አልሚው ሥራ ለመጀመር የሚሰጠው ጊዜ በዓመታት የሚቆጠርበት ምክንያት ምንድን ነው? ድሃው ሲሆን ሩጫ፣ ባለሀብቱ ሲሆን ትዕግሥት። ይሄ ፕላን ሳይሆን ምርጫ ነው።

የምጠይቀው ሰማይ የሚነካ ነገር አይደለም። የሚሠራው ሰው ዲዛይኑ ጸድቆ፣ ገንዘቡ በዝግ አካውንት ገብቶ፣ ኮንትራክተሩ ቀን ቆርጦ ሳይቀርብ አንድም ጣሪያ አይነሣ። እስከዚያ ሰዎቹ ቤታቸው ይቆዩ፤ ቤቱ ያረጀ ነው፣ ግን ባዶ ሜዳ ላይ ማንም አይኖርም። ልደታ ላይ እኮ በ2002 አካባቢ ከተነሡት ውስጥ የተወሰኑት እዚያው በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ተመልሰው ገብተዋል፤ ያ ልምድ ለምን ደንብ አልሆነም? አስቀድሞ የታጠረው ደግሞ ግንባታው እስኪጀመር ይከፈት። የኳስ ሜዳ ያጡ ልጆች አሉ፣ ደንብ አስከባሪ ከየመንገዱ የሚያሳድዳቸው የጉልት እናቶች አሉ። «ወረራ ይሆናል» የሚል ባለሥልጣን ካለ፣ መልሴ አጭር ነው፦ መሬቱ አሁንም ተወርሯል፤ በቆርቆሮ።

በየአጥሩ ላይም አንድ ቦርድ ይሰቀል። የባለመብቱ ስም፣ ውሉ የተፈረመበት ቀን፣ ግንባታው የሚያልቅበት ቀን። ቀኑ በትልልቁ ይጻፍ፣ ከታክሲ ውስጥ እንዲነበብ።