የተሽከርካሪ የግብር ቅናሽ ለማን ይጠቅማል?

ማንኛውም የግብር ሕግ ሲመረመር በቅድሚያ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «ለማን ይጠቅማል?» የሚለው ነው። ነጋዴ አዲስም ሆነ ያገለገለ ተሽከርካሪ ሲገዛ ከግብሩ ላይ የሚያገኘው ቅናሽም ከዚህ ሚዛን ውጭ ሊሆን አይችልም። ጉዳዩን ለመመዘን ደግሞ ከመርካቶ የተሻለ ሥፍራ አይገኝም። የመኪና መለዋወጫ በሶማሌ ተራ የሚሸጥበት፣ አይሱዙና ሚኒባስ ሸቀጥ ጭነው የሚመላለሱበት ይህ ገበያ ተሽከርካሪ የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ መሆኑን በየዕለቱ ያረጋግጣል።

በመሠረቱ ቅናሹ ችሮታ አይደለም። መሣሪያ በሥራ ላይ ሲውል ያረጃል፤ እርጅናውም ገቢውን ለማግኘት የተከፈለ ወጪ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ተሽከርካሪን ለመሳሰሉ የንግድ ሀብቶች በዓመት 20 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ፈቅዶ ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 979/2008ም ይህንኑ መርሕ አጽንቶታል።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። አንድ የንግድ ማኅበር በ2 ሚሊዮን ብር የጭነት መኪና ቢገዛ፣ በ20 በመቶ ስሌት በመጀመሪያው ዓመት 400,000 ብር ከትርፉ ላይ ይቀነስለታል። የግብሩ ምጣኔ 30 በመቶ ከሆነ 120,000 ብር ግብር ይቀርለታል ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ስሌቱ በቀሪው 1.6 ሚሊዮን ብር ላይ ስለሚያርፍ ቅናሹ ወደ 320,000 ብር ዝቅ ይላል። እንግዲህ አንዳንዶች እንደሚመስላቸው መንግሥት የመኪናውን ዋጋ አይመልስም። መኪናው ለቤተሰብ ጉዳይም የሚውል ከሆነ ቅናሹ በንግዱ ድርሻ ብቻ ይወሰናል።

ይሁንና በወረቀት ላይ እኩል የሆነው መብት በተግባር እኩል አይደለም። ቅናሹን የሚያገኘው የሂሳብ መዝገብ የያዘ ነጋዴ ብቻ ነው። በ2008ቱ አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የነበረው የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ በቁርጥ ይከፍል ስለነበር፣ መኪና ገዛም አልገዛም ግብሩ ያው ነበር። የ2017 ዓ.ም. ማሻሻያም ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር ያልደረሰውን ግለሰብ ነጋዴ ግብር በጠቅላላ ሽያጩ ላይ እንዲሰላ አድርጓል። አሠራሩ ቀላል መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ወጪ በማይታይበት ስሌት ውስጥ ቅናሽ ቦታ የለውም።

የዚህ ልዩነት ክብደት የሚታየው በግዢው ወቅት ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከ1,300 ሲሲ ባልበለጠ አዲስ አውቶሞቢል ላይ 5 በመቶ ሲጥል፣ ባረጁት ላይ ግን እስከ 500 በመቶ ደርሷል። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ተደረጉ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆነ። የከተማን አየር መጠበቅና የነዳጅ ምንዛሪን መቆጠብ የሚደገፍ ዓላማ ነው። ውጤቱ ግን በጥሞና ሊጤን ይገባል። አዲስ መኪና የመግዛት አቅም ያለው በአነስተኛ ታክስ ይገዛል፤ መዝገብ ስላለውም የእርጅና ቅናሹን ያገኛል። አቅሙ ለአሮጌ መኪና ብቻ የሚበቃው ታክሱን በዋጋው ውስጥ ይከፍላል፤ ከቅናሹም ድርሻ የለውም። ሸክሙ በደካማው ትከሻ ላይ አረፈ ማለት ይህ ነው።

ለችግሩ ነጋዴው ራሱ ከተጠያቂነት አያመልጥም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ በስም ማዛወሪያ ላይ የጣለውን 2 በመቶ ለመቀነስ ሲባል በሽያጭ ውል ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ማስፈር የተለመደ ነው። ዛሬ ጥቂት የቴምብር ገንዘብ ያተረፈ የመሰለው ገዢ በየዓመቱ የሚገባውን ቅናሽ በገዛ እጁ ይቆርጣል፤ ውሉ ላይ ያልሰፈረ ዋጋ ነገ ማስረጃ ሊሆን አይችልምና።

በአንጻሩ የደረሰኝን ጉዳይ በቸርቻሪው ላይ ብቻ መጫን መፍትሔ አይሆንም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥጥር ሳቢያ በመርካቶ ብዙ ሱቆች ሲዘጉ የተሰማው አቤቱታ፣ ሸቀጡ ከላይ ያለ ደረሰኝ እየመጣ ከታች ደረሰኝ መጠየቁን የሚመለከት ነበር። ምንጩ ሳይጠራ ወንዙ አይጠራም። ቁጥጥሩ ከአስመጪውና ከጅምላ አከፋፋዩ መጀመር አለበት።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ ልዩ ችሮታ ሳይሆን፣ ያለውን መብት ለአነስተኛውም ነጋዴ ማዳረስ ነው። የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በቀላል አማርኛ የተዘጋጀ፣ አንድ ተሽከርካሪ ያለው ነጋዴ ራሱ ሊሞላው የሚችል መዝገብ ያቅርብ። መዝገቡን በሐቅ የሞላ ሁሉ የሽያጩ መጠን ሳይገድበው የእርጅና ቅናሹን ያግኝ። ነጋዴውም እውነተኛውን ዋጋ ይጻፍ። ግብር የሚከበረው ከፋዩ ሸክሙ በአቅሙ ልክ መደልደሉን በዓይኑ ሲያይ ነው።