ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ኔትወርክ አትሽጡልን

«ሜሽ ነው፤ ራሱን በራሱ ይጠግናል!» የምትለውን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። በላንድክሩዘር የሚመጣው ባለሙያ ይላታል፣ ሩተር የሚሸጠው ልጅ ይላታል፣ ፕሮፖዛል የሚጽፈው ሰው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሰፍራታል። ሦስት አራት ሩተር ጣሪያ ላይ ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የርክክብ ወረቀት ይፈረማል፣ መኪናው ይሄዳል። ከዚያ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኔትወርኩ ለምን እንደሚሞት የሚጠይቅ የለም። መልሱም ሁሌ አንድ ነው፦ «አጥፍታችሁ አብሩት»።

ለምን እንደሚሞት በቀይ አፈር ቋንቋ ልንገራችሁ። ሐሙስ ገበያ መሃል ቆማችሁ አንድ ሰው ትፈልጋላችሁ። «ወይጦ ወርዷል» ይሏችኋል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳችሁ ወይጦ ስትደርሱ፣ «ኧረ ቀይ አፈር ነው ያለው» ትባላላችሁ። ትመለሳላችሁ። ደግሞ «ወይጦ»። ማንም አልዋሸም እኮ! እያንዳንዱ የነገራችሁ ትናንት ከሌላኛው የሰማውን ነው። ሰውየው ግን በጠዋት ወደ ዲመካ ሄዷል።

ኔትወርክ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ኢንተርኔቱ የሚገባው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው እንበል። ጤና ጣቢያው ጽሕፈት ቤቱን በቀጥታ ያየዋል፤ ርቀቱ 1 ነው። ትምህርት ቤቱ ኮረብታው ስለሚጋርደው በጤና ጣቢያው በኩል ይሄዳል፤ ርቀቱ 2 ነው። ጽሕፈት ቤቱ መብራት ጠፋበት። ጤና ጣቢያው መንገዱን ሲያጣ፣ ትምህርት ቤቱ «እኔ በ2 እደርሳለሁ» ሲል ይሰማል። መንገዱ በራሱ በጤና ጣቢያው በኩል እንደሆነ አያውቅማ! አምኖ «እንግዲያው እኔ በ3» ይላል። ትምህርት ቤቱ «በ4»፣ ጤና ጣቢያው «በ5»... ሪፕ የሚባለው የድሮ ፕሮቶኮል 16 ሲደርስ «የለም» ብሎ ይገላገላል። እስከዚያ ድረስ የነርሷ ሪፖርት በሁለት ጣሪያዎች መካከል ይመላለሳል።

እዚህ ላይ «ቲቲኤል አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ፓኬቱ 64 ይዞ ከተነሳ በየሩተሩ አንድ እየተቀነሰለት ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። ግን ይህ መቃብር ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። አንዴ ተልኮ መድረስ የነበረበት ፓኬት ከ60 ጊዜ በላይ ይላካል፣ በመጨረሻም አይደርስም። በኬብል ቢሆን ጉዳቱ የዚያ መስመር ብቻ ነበር። በአየር ግን አንዱ ሲናገር የሚሰሙት ጎረቤቶች ሁሉ ዝም ማለት አለባቸው። ስለዚህ የሁለት ጣሪያ ጥፋት የሰፈሩን አየር ሁሉ ይበላል።

ሌላው የሚወደደው መልስ ስፕሊት ሆራይዘን ነው፤ «መንገዱን ለሰማህበት በር መልሰህ አትንገር» ማለት ነው። ለኬብል ጥሩ ዘዴ ነው፣ ለዚያውም የሁለት እንጂ የሦስት ሩተሮችን ዙሪት አይከለክልም። የሜሽ ሩተር ግን ብዙ ጊዜ በሩ አንድ ነው፣ እሱም አንቴናው። በዚያ በር የሰማውን በዚያው በር ካልተናገረ ከጀርባው ላሉት ማን ይንገራቸው? መጽሐፍ ሸምድዶ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

መፍትሔው ከታወቀ ደግሞ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ፐርኪንስና ባግዋት ዲኤስዲቪ የሚባለውን ፕሮቶኮል ሲያወጡ፣ እያንዳንዱ የመንገድ ወሬ ከባለቤቱ የሚነሳ ተከታታይ ቁጥር እንዲይዝ አደረጉ። በገበያው ምሳሌ፣ ወሬው ሰውየው ራሱ የጻፈበት ቀን አለው፤ የቆየ ወሬ አዲሱን አይሽርም። የቹሮቦቼክ ባቤል፣ በ2021 አርኤፍሲ 8966 ሆኖ የታተመው፣ አንድ ነገር ጨመረ፦ ጎረቤትህ የሚነግርህ ርቀት አንተ እስካሁን ካወጅከው ትንሹ ርቀት ካላነሰ አትቀበል፤ ዞሮ የመጣ የራስህ ወሬ ሊሆን ይችላል። መንገድ ከጠፋህ ባለቤቱን አዲስ ቁጥር ጠይቅ። በቃ። ባቤል በነፃ ይገኛል፣ ኦፕንደብሊውአርቲ በተጫነበት ርካሽ ሩተር ላይም ይሠራል። ታዲያ ምን ሰበብ አለ?

«ዙሪቱ እኮ የሴኮንዶች ነገር ነው» ይሉናል። መብራት በማይጠፋበት ከተማ ይሆን ይሆናል። የእኛ ሩተሮች ግን በቀን ስንቴ ይሞታሉ፣ ስንቴ ይነሳሉ? ዙሪት የሚወለደው ደግሞ ልክ አንዱ ሲሞትና ሲነሳ ነው። «ለየቤቱ ሲም ካርድ ይበቃል» ለሚሉትም፣ ሲግናሉ ባለበት እስማማለሁ፤ ሜሽ አያስፈልግም። እኔ የማወራው ከኮረብታው ጀርባ ስላሉት ነው።

አንድ ያየሁትን ልጨምር። ስሙን በማልጠራው ግቢ ሁለት የሜሽ ሩተሮች ነበሩ። አንድ ቅን ሰው «ይፈጥናል» ብሎ በመሃላቸው ኬብል ሰካ። ሁሉም ነገር ቆመ፤ መብራቶቹ ብቻ እንደ እብድ ይብለጨለጫሉ። የኢተርኔት ፍሬም ቲቲኤል እንኳ የለውም፤ ለሁሉም የተላከ ከሆነ ዙሪት ውስጥ እየተባዛ ይኖራል። ራዲያ ፐርልማን ለዚህ መላ ያበጀችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በዚያ ግቢ ግን ችግሩ ሳምንት ሙሉ «ቫይረስ» ሲባል ከረመ፤ ፍላሽ ይዞ የመጣ ተማሪ ሁሉ ተጠረጠረ። ኬብሉን የነቀለው ጥበቃው ነው፣ ለስልክ ቻርጀር ቦታ ፈልጎ።

ስለዚህ የርክክብ ወረቀት የምትፈርሙ የቢሮ ኃላፊዎች፣ ርዕሰ መምህራን፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አስደርጉ። ባለሙያው ፊት ኢንተርኔቱ የሚገባበትን ሩተር ከሶኬቱ ንቀሉ። ወዲያው ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ትሬስሩት ያሂድ። ሁለት አድራሻዎች እየተፈራረቁ ደጋግመው ከወጡ፣ እስክሪብቶውን ኪሳችሁ መልሱና መኪናውን አስቁሙት።