ጅብ እስኪይዝ ያነክሳል

ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ እምዬ ቤት እንሰበሰባለን። የምትኖረው እስራኤል፣ ሺኩን ቫቲኪም የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቫቲኪም በዕብራይስጥ ነባሮች ማለት ነው። እምዬ እዚህ አገር ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ዛሬም ደረጃው ላይ የሚያገኛት ሰው «መቼ መጣሽ?» ይላታል። እሷም «ትናንት» ብላው ታልፋለች።

የእህቴ ልጅ ወታደር ነው። ለሰንበት ሲለቁት ይተኛል፣ የአያቱን ዶሮ ወጥ ይበላል፣ ማታ ላይ ፊልም ይመርጣል። ምርጫው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዞምቢ። ባለፈው ሳምንት ግን ቀደምሁትና የጆርጅ ሮሜሮን «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ከፈትሁ። የ1968 ፊልም ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ወደ 114 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ የወጣበት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፍርዱን ሰጠ።

«አጎቴ፣ ይሄ ዝም ብሎ የተካበ ፊልም ነው። እንደ ሰከረ ሽማግሌ እየተንገዳገደ የሚመጣ ሙት ማንን ያስፈራል? እኔ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ ተረጋግቼ አመልጠዋለሁ።»

ለእሱ ዞምቢ ማለት የዳኒ ቦይል ነው። በ2002 በወጣው «ከ28 ቀናት በኋላ» ውስጥ ሙታኑ (በሽተኞቹ ማለት ይሻላል፣ አልሞቱምና) ባዶ በቀረችው ለንደን እንደ አበደ ውሻ ይሮጣሉ። እኔ ደግሞ የሚሮጥ ነገር ድንጋጤ እንጂ ፍርሃት አይፈጥርም ብዬ ተከራከርሁ። ድምፃችን ከፍ አለ። ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ቡና የምትቀዳው እምዬ ዞር ሳትል «ጅብ እስኪይዝ ያነክሳል» አለች። ስለ ዘገምተኛ ዞምቢ ከዚህ የተሻለ ሒስ አንብቤ አላውቅም።

ጅብ የሚለው ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ቀላል ቃል አይደለም።

እኔ የመጀመሪያውን ዞምቢ ያየሁት በአሥር ዓመቴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከጎንደር፣ ከወለቃ መንደር መጥተን፣ ቤተሰቡ በሙሉ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ የእስራኤል ኤምባሲን ደጅ የምንጠናበት ጊዜ ነበር፤ 1990 አልቆ 1991 ሲብት። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ቆርቆሮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን፣ የላብና የቆሎ ሽታ። የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» ነበር፣ ጆን ላንዲስ በ1983 የሠራው። ማይክል ከልጅቷ ጋር እየተንሸራሸረ ድንገት ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ጥፍሩ ረዘመ፣ ፊቱ ጠጉር አበቀለ፣ አውሬ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ መቃብር እየተፈነቀለ ሙታን ወጡ። ከኋላዬ አንድ ልጅ «ቡዳ! ቡዳ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? የማን ልጅ እንደሆንሁ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

እንደ እውነቱ ልጁ አልተሳሳተም። ወደ አውሬ የሚለወጥ፣ ከመቃብር ሙት የሚያወጣ ፍጡር በአማርኛ ስም አለው። ችግሩ ስሙ የተሰጠው ለእኛ፣ ለቤተ እስራኤሎች፣ መሆኑ ነው። ቀጥቃጩ አባቴና ሸክላ ሠሪዋ እናቴ፣ እምዬ፣ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ናቸው ይባሉ ነበር። ሐጋር ሳላሞን በ1999 ስለ ቤተ እስራኤል ያሳተመችውን መጽሐፍ «የጅብ ሕዝብ» ብላ የሰየመችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ የማላውቀው፣ ጎልማሳ ሆኜ ያነበብሁት ሌላ ነው። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ፣ መንዝ ውስጥ ስለ ቡዳ የሚታመነውን ሰብስቦ በ1974 አሳትሟል። እዚያ በዚህ የሚታሙት ጠይቦቹ ናቸው፣ ያው የእጅ ባለሙያዎቹ። ወሬው እንዲህ ነው። ቡዳ የበላው ሰው ይሞታል፣ ይቀበራል። ቡዳዎቹ ተሰብስበው ከመቃብር ያወጡታል፤ ቤት ወስደው ነፍስ ይዘሩበታል፤ ሰባት ዓመት ባሪያ ሆኖ ያገለግላቸዋል። መናገር አይችልም። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ቡዳው በአርጩሜ አናቱን መታ ያደርገዋል፤ ባሪያው ትልቅ ማሰሮ ይሆናል። ሰባት ዓመቱ ሲሞላ ጢስ ወይም አመድ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ዞምቢ ካልሆነ ዞምቢ ምንድን ነው?

የሄይቲው ወሬም ከዚህ ሩቅ አይደለም። የተወለደው ከሸንኮራ እርሻ ባርነት ነው፤ ሰው ሞቶ እንኳ ከሥራ አይገላገልም የሚል ፍርሃት። አገሪቱ ከ1915 እስከ 1934 በአሜሪካ ጦር ሥር በነበረችበት ዘመን፣ በ1929፣ ዊልያም ሲብሩክ በመጽሐፉ ቃሉን ለአሜሪካኖች አስተዋወቀ። በ1932 ደግሞ ቤላ ሉጎሲ የሚተውንበት «ነጭ ዞምቢ» ለእይታ በቃ። ፊልሙ በአብዛኛው ያሰለቻል፣ አልዋሽም። አንድ ትዕይንት ግን አለው። ሙታኑ በሸንኮራ ወፍጮ ዙሪያ እንደ በሬ ይዞራሉ። አንዱ ተንሸራትቶ ወፍጮው ውስጥ ይወድቃል፤ የሚጮህ የለም፣ የሚቆም የለም፣ የእንጨቱ ሲጥሲጥታ ብቻ ይሰማል።

ልዩነቱ ይቆጨኛል። ሄይቲ ላይ ወሬውን ያወራው የባሪያው ልጅ ነው፤ የሚፈራውም ጌታውን ነው። እኛ ጋ ባለ ርስቱ፣ ርስት የሌለውን ሸክላ ሠሪ «ቤቱ ባሪያ ደብቋል» ብሎ ፈራ።

ስለዚህ ሚዛኔ የተዛባ ሊሆን ይችላል፤ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ። እኔ የዞምቢ ፊልም የምመዝነው በፍጥነትም በደምም አይደለም። አፍ ያጣውን ሰው ፊልሙ ያየዋል ወይ? እዚህ አገር በገባንበት ዓመት እምዬ ዕብራይስጥ ስለማትችል በየቢሮው የማስተረጉምላት እኔ ነበርሁ። አንዲት ጸሐፊ የእምዬን ዕድሜ፣ የእምዬን ሕመም፣ የእምዬን የልጅ ብዛት ሁሉ እኔን ጠየቀችኝ፤ አንዴም ቀና ብላ አላየቻትም። እምዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ የጠረጴዛውን ጠርዝ ታይ ነበር።

በዚህ ሚዛን ስሙ ከሥራው በላይ የገነነው «ወርልድ ዎር ዚ» ነው፣ የ2013ቱ፣ የብራድ ፒት። የኢየሩሳሌሙን ትዕይንት (የተቀረጸው ማልታ ነው) እዚህ አገር ያላየ ሰው የለም። ሙታኑ እንደ ጉንዳን ተደራርበው ግንቡን ሲሻገሩ ፊልሙን ባየሁበት አዳራሽ ሰው አጨበጨበ። የእኛን ከተማ በትልቅ ስክሪን ማየት ደስ ይላል፤ ይገባኛል። ግን ከዚያ ሁሉ ሙት ውስጥ አንድ ፊት የሚያስታውስ ይንገረኝ። ጉንዳን ነው ያየነው። ጉንዳን ደግሞ አያስፈራም፣ ይጠረጋል። «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የሚሉትንም ልጨምር። ከ2010 እስከ 2022፣ አሥራ አንድ ምዕራፍ! የቡዳ ባሪያ እንኳ በሰባት ዓመቱ አመድ ሆኖ ያርፋል።

ዋጋው ያልታወቀለት የዣክ ቱርነር «ከዞምቢ ጋር ሄድሁ» ነው፤ 1943። ስሙ ርካሽ ነው፣ ለዚህም ይመስለኛል ሰው የሚንቀው። ርዝመቱ 69 ደቂቃ። አንዲት ነርስ ወደ ካሪቢያን ደሴት ሄዳ የሸንኮራ እርሻ ጌታን ሚስት ታስታምማለች። በዚያች ደሴት ሕፃን ሲወለድ ሰው ያለቅሳል፣ ሲቀበር ይጨፍራል፤ አያቶቻቸው በባሪያ መርከብ ነው የመጡት። ዳርቢ ጆንስ የሚጫወተው ካርፉር፣ ዓይኑ የፈጠጠ ረጅም ጥቁር ሰው፣ ሌሊት በሸንኮራው መካከል ቆሞ ይጠብቃል። አይሮጥም። አንድ ቃል አይናገርም። ነርሷ ታልፈዋለች፣ ካሜራው ግን አያልፈውም። የእኛዎቹ የአሮን ከሻለስና የናቮት ፓፑሻዶ «ካለቬት» (2010)ም ከተወራለት በላይ ነው፤ ጫካ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ አለ ተብሎ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የሚጨራረሱበት።

ልክ በልኩ የተመዘነ ካለ የ2016ቱ የኮሪያ «ባቡር ወደ ቡሳን» ነው። ያላያችሁት ይህን አንቀጽ ዝለሉ። መጨረሻ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡርና አንዲት ትንሽ ልጅ በጨለማ ዋሻ ይመጣሉ። ወታደሮቹ ሙታን ይሁኑ ሕያዋን አያውቁም፤ ተኩስ ታዟል። ልጅቷ ለአባቷ ያጠናችውን ዘፈን እያለቀሰች ታንጎራጉራለች። ሙት አይዘፍንም። ጠመንጃው ይወርዳል።

ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ሳቀብኝ። «አንተ ፊልም አይደለም የምትወደው፤ ታሪክ ነው» አለ። ሊሆን ይችላል።

ወደ ሮሜሮ ልመለስ። ፊልሙ ውስጥ ዞምቢ የሚል ቃል የለም። አከፋፋዮቹ ስሙን ሲለውጡ የባለቤትነት ምልክቱን ሳያስገቡ ስለቀሩ ማንም ያለ ክፍያ ሊያሳየው ይችላል፤ በየቤቱ የገባው አንድም በዚህ ነው። ዋናው ሰው ቤን ጥቁር ነው፤ ዱዌን ጆንስ ይጫወተዋል። ሮሜሮ ጆንስን የመረጥነው ለፈተና ከመጡት ሁሉ ስለበለጠ ነው ይል ነበር። ቤን ሌሊቱን ሙሉ በርና መስኮት በሳንቃ ይቸነክራል፤ ምድር ቤት እንደበቅ ከሚለው ከነጩ አባወራ ጋር ይጨቃጨቃል። ምድር ቤት ደግሞ የአባወራው የታመመች ልጅ አለች። ልጅቷ ሞታ ተነሥታ የገዛ እናቷን በአትክልት መኮትኮቻ ስትወጋ እምዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች።

«ቡዳ በወዳጁ…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

ትንሽ ቆይታ ግን የጨነቃት ሌላ ሆነ። «እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሬሳ ነክተዋል። ሰባት ቀን ከሰው መለየት አለባቸው። በዚያ በኩል ወንዝ አለ?» የእህቴ ልጅ በሳቅ ሶፋው ላይ ተንከባለለ። እሷ ግን ከልቧ ነበር። በእኛ ደንብ አስከሬን የነካ ሰው ለብቻው ተቀምጦ፣ ታጥቦ ነው ወደ መንደር የሚመለሰው። ወደ እስራኤል ሲጓዙ ሱዳን በረሃ ላይ ወገኖቻችን ሙት እየቀበሩ ይህን መጠበቅ ያቃታቸው ጊዜ ነበር፤ ያንን ከሰማች ጀምሮ ሬሳ በዘፈቀደ ሲነካ ማየት አትችልም።

ነጋ። ቤን ብቻውን ተረፈ። የውሻ ጩኸትና ተኩስ ሰምቶ ከምድር ቤት ወጣ፣ ወደ መስኮቱ ቀረበ። ሙታንን የሚያድኑት የታጠቁ ሰዎች አዩት። አንድ ጥይት፣ ግንባሩ ላይ። ከዚያ የቆሙ ፎቶግራፎች ይከተላሉ፤ በሥጋ መስቀያ ሜንጦ ሲጎትቱት፣ ከሙታኑ ጋር እሳት ላይ ሲጥሉት።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ በዕብራይስጥ «ለምን አልጮኸም?» አለ። «ሰው ነኝ ለምን አላለም?»

«ማን ጠየቀው?» አልሁት።

በ2019 ኪርያት ሐይም ላይ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበረ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት አንድ ወጣታችን ሲሞት የእህቴ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። በተቃውሞው መንገድ የተዘጋ ዕለት ከእናቱ ጋር ወጥቷል። አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁበትም። «አሁንም ይጎተታል» አለ በመጨረሻ፣ «መጨረሻው ግን አልተካበም።»

የቡዳውን ባሪያና የማሰሮውን ነገር የነገርሁት ያኔ ነው። ስልኩን አስቀምጦ ሰማኝ። ፊልም ይወጣዋል አለ፤ ካሜራው ከማሰሮው ውስጥ ሆኖ እንግዳውን ቢያይ እያለ በእጁ አራት ማዕዘን ሠራ። እምዬ ሲኒዎቹን እየሰበሰበች ነበር።

«ማሰሮ ይሆናል ሲሉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«እኔማ አልሰማሁም» አለች። ወደ ኩሽና ገብታ ውሃውን ከፈተችና ከዚያው ሆና ቀጠለች። «ወለቃ እያለን ግን ሸክላ ሊገዙ የሚመጡት ሴቶች ጥግ ላይ ያለውን ትልቁን ጋን በጣታቸው ያንኳኩት ነበር። ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው። ስንጥቅ የሚፈልጉ መስሎኝ ‹ደኅና ነው፣ በደንብ በስሏል› እላቸው ነበር።»

የእህቴ ልጅ ተነሥቶ ኩሽናው በር ላይ ቆመ። «ሳፍታ (አያቴ)፣ ውስጡ ምን ነበር?»

«ምን ይኖረዋል? ባዶ ነዋ። ዋጋው የሚይዘውን ያህል እህል ነው፤ እነሱ ሲያንኳኩ ቆይተው ሳይገዙ ይሄዳሉ።»